ባሌ ሳንሄድ ያስቀረን ጽዋ

የኔ ጌታ ደምሴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን አለህ ይባላል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅ? ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ትናንት ኅዳር ጽዮን ነበረች። ዛሬ ጧት ውርጩ ደጁን ሁሉ አንጥቶት አደረ፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቄ በረንዳው ላይ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

በሕይወት ሳለህ አንድም ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። የት ሄደህ ልጻፍልህ? ከደብረ ብርሃን ወጥተህ ብዙ ከቆየህ ፈተና ልታርም አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ነው። አሁን ግን የምነግርህ አለኝ። ያኔውኑ ልነግርህ የሚገባኝ፣ ፈርቼ የዋጥኩት ነገር ነው። ዋሽቼሃለሁ ደምሴ። ባሌ ተራራ ሳንሄድ የቀረነው በእኔ ውሸት ነው። ይሄን ሳልነግርህ ሙት ዓመትህ እንዳይደርስብኝ ብዬ ነው እስክሪብቶ የያዝኩት። የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለህ፤ ፊደሌን እያረምክ እንዳታነበው አደራ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከውጭ ስትገባ ኮፍያህን ሳታወልቅ «ምን አዲስ አለ?» ነበር የምትለው። ምንም አዲስ የለም። ሬዲዮውን አልከፍተውም። የጧት ዜና ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርገህ ከአንባቢው ጋር ስትከራከር ራሴን አዞርከኝ እያልኩ ስጨቀጭቅህ ኖሬ፣ ዛሬ ዝምታው ነው ራሴን የሚያዞረኝ። ለአንድ ሰው መሥራት አልቻልኩበትም፤ ወይ ይተርፍና ይበላሻል፣ ወይ ጭራሽ ሳልሠራ ጦሜን እውላለሁ። አልጋው ላይ በአንተ በኩል አልተኛም። ልጃችን ትዕግሥት ከአዲስ አበባ በመጣች ቁጥር ጥቁሩን አውልቂው እማዬ ትለኛለች፤ አንቺው አውልቂው ብዬ እቆጣታለሁ፣ እሷ እንኳ ጥቁር አልለበሰችም። እንደው ዝም ብዬ ነው የምቆጣው። ጉልበቴም ብሶበታል። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው በዱላ ነው፤ እዚያ ለመድረስም ሦስት ጊዜ አርፋለሁ።

ልብስህን ሰጠሁት። ከአርባህ በኋላ ጠቅልዬ ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማው ዳር ድንኳን ውስጥ ላሉት ሰዎች ላክሁት። ካፖርቱንም ጭምር። ለባሌ ብርድ ብለህ የገዛኸውን፣ ልበሰው ስልህ «ለባሌ ነው» እያልክ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥከውን ቡናማውን ካፖርት። ሰኔ ላይ ከገበያ ስመለስ ከፊቴ ሲሄድ አየሁት። ቁመቱ ያንተ፣ አረማመዱ ያንተ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መሀል መንገድ ላይ «ደምሴ!» ብዬ ጮህኩ። ልሮጥ ብል ጉልበቴ ከዳኝና ከነዘንቢሌ ዘፍ አልኩ። ሰውዬው ዞሮ መጣ፤ ክንዴን ይዞ አነሳኝና አይዞዎት እናቴ አለኝ። ደግ ሰው ነው። ካፖርቱም ልክክ ብሎበታል። የማን እንደነበረ አልነገርኩትም፣ ቲማቲሙን ለቃቅሞልኝ ሄደ። እኔ ግን ቤት እስክገባ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፤ ያንን ካፖርት ለብሰህ አንድ ቀን እንኳ ሳላይህ።

ይሄ ባሌ የሚባል ነገር ቤታችን የገባው በአንዲት ተማሪ ምክንያት ነው፤ ትዝ ይልሃል? ጡረታ ልትወጣ ዓመት ሲቀርህ ነው። ጂኦግራፊ ስታስተምር እንደ ልማድህ የባሌን የሰነቲ አምባ በቾክ ሰሌዳው ላይ ስለህ፣ ቀይ ቀበሮው እዚህ፣ የደጋ አጋዘኑ እዚያ እያልክ ስታስረዳ፣ ልጅቱ እጇን አውጥታ መምህር አይተውታል ወይ አለችህ። አላየሁትም አልካት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላህም። ወጡን እያማሰልክ ትተህ፣ ሠላሳ ዓመት ያላየሁትን አገር አስተማርኩ አልከኝ። እኔ ደግሞ ታዲያ ማን አየው፣ መጽሐፉ ያየው ይበቃል ብዬ ሳቅሁብህ። አልሳቅክም። እንደዚያ ስትሆን አይቼህ አላውቅም ነበር።

ጡረታ በወጣህ ሳምንት ወፍራም ደብተር ገዝተህ መጣህ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ አንተ ማስመሪያህን አውጥተህ በቀይ እስክሪብቶ ሣጥን ሣጥን ታሰምራለህ። ምንድን ነው ብል የባሌ ዕቅድ ነው አልከኝ። ለካ የትምህርት ዕቅድ ነው! ርዕስ፣ ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ አስተያየት። ሰው ለሽርሽር ሲሄድ ልብሱን ይሸክፋል እንጂ የትምህርት ዕቅድ ያወጣል? ጉድ እኮ ነው! ለማኅበር ጓደኛዬ ለዘነበች ነግሬያት ሁለታችን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እኔ የእነዋሪ ልጅ ነኝ። የገብስና የስንዴ ሜዳ ላይ ነው ያደግሁት፤ ገደል አልወድም። እና እቀልድብህ ነበር። ብርድ ካማረህ ጣርማ በር ሂድና ቁም፣ ዝንጀሮ ካማረህ አገርህ አንኮበር ጭላዳው ሞልቷል፣ ገደል ካማረህም እናትህ የወለደችህ ገደል አፍ ላይ ነው፣ ለዚህ ብለን እስከ ባሌ ምን ወሰደን? እልሃለሁ። አንተ መነጽርህን ወደ ላይ ትገፋና የሜዳ ልጅ ይሄ አይገባትም ብለህ ማስመርህን ትቀጥላለህ። ማታ ማታ ደግሞ የመንገዱን ታነብልኝ ነበር። አሰላ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ። እኔ ጥጤን እየፈተልኩ እሰማለሁ፤ ስሞቹ ብቻ ቀሩብኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በልቤ እኔም ማየት አምሮኝ ነበር፤ ለኩራቴ ብዬ ነው የምቀልደው።

ከዚያ ልምምድ እናድርግ አልክ። ልምምድ ያለ ትምህርት የለማ! መስከረም ላይ አንኮበር ወሰድከኝ። ከመኪና ወርደን ወደ አሮጌው ቤተ መንግሥት ኮረብታ በእግራችን ጀመርን። አበባው፣ ጭጋጉ፣ ሁሉም ደስ ይል ነበር። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ መርፌ የወጋኝ መሰለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬ ነው፣ አዲስ ስለሆነ ልጦኛል አልኩህ። አንተም አጠገቤ ተቀመጥክ። ባይናኩላሩን አንገቴ ላይ አጠለቅክልኝና ቁልቁል የአፋርን ቆላ አሳየኸኝ። ስለ ጫማው አንዲት ቃል አልተናገርክም። ስንወርድም ከፊት ከፊቴ እየሄድክ፣ ትከሻዬን ይዘሽ ውረጂ፣ መሬቱ ያዳልጣል አልከኝ። መሬቱ ደረቅ ነበር። ይሄን አሁን ነው ያስታወስኩት።

ለምን ደበቅኩህ? ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መኪናው ፊት ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ቤት ስንጠራ ወርቄ መቀመጥ አታውቅም፣ ከእኔ በፊት የምትደክም አይደለችም እያልክ ታወራልኛለህ። ያንን ስሜን ማጣት አልወደድኩም። ደግሞ ፈራሁ። ጉልበቴን ካወቅህ ወይ ትተኸኝ ትሄዳለህ፣ ወይ ለእኔ ብለህ ትቀራለህ አልኩ። ሁለቱንም ጠላሁት። ዶክተር ጋ ብሄድ ደግሞ ሊሰማ ነው፤ ከተማው ትንሽ ነው። ስለዚህ ቅባት ገዝቼ ከሽንኩርቱ ቅርጫት ሥር ደበቅኩ፤ አንተ ደጅ ስትወጣ እያሸሁ ጥቅምት ደረሰ።

ጉዞው ኅዳር መጀመሪያ ነበር። አንተ ለትዕግሥት ደውለህ ቀኑን ነገርካት፣ ፔርሙዝ አዲስ ገዛህ፣ ከፎቶው ሱቅ የባሌን ፎቶ በትልቁ አሳትመህ ግድግዳው ላይ ለጠፍክ። ቀኑ በቀረበ ቁጥር እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ተራራ መሀል ላይ ቁጭ ብዬ ስቀር፣ አንተ ፊትህ ላይ ያ የምሳው ቀን ፊት ሲመጣ ይታየኛል።

እና ያደረግሁትን ስማ። የማርያም ማኅበራችን ጽዋ ከቤት ቤት እንደሚዞር ታውቃለህ። ጽዋውን የተረከበ ሰው እስከ ቀጣዩ ወር ማርያም ድረስ ቤቱን ዘግቶ እንደማይርቅም ታውቃለህ፤ ጽዋ ያለበት ቤት ባዶውን አይተውም። የጥቅምት ማርያም ተራው የዘነበች ነበር። ማዕድ ቤት ጠራኋትና ለኔ ስጪኝ፣ ስእለት አለብኝ አልኳት። ምንም ስእለት አልነበረብኝም። በእመቤታችን ስም ዋሸሁ ደምሴ! ምላሴ በተቆረጠ። ዘነበች የዋህ ናት፣ ስእለት ካለማ ውሰጂ ብላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ደግሞ ለአንተ ሌላ ውሸት፤ ዘነበች ታማ ተራው እኔ ላይ ወደቀ፣ ምን ላድርግ፣ ማርያምን እንዴት እምቢ እላለሁ አልኩህ።

በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ከእጄ ተቀበልክ። ኮፍያህን አውልቀህ ተሳለምከው፣ መደርደሪያው ላይ በክብር አስቀመጥከው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ፎቶ አየህና ተራራው አይሄድም፣ ለሌላ ጊዜ ነው አልከኝ። ደግሞ ተነስተህ ለጠላው እንጨት ፈለጥክልኝ። በማኅበሩ ቀን ሴቶቹን ስታስተናግድ፣ ስትቀልድ፣ ዳቦውን ስትቆርስ ነበር የዋልከው። እኔ እንዳመለጥኩ ቆጥሬ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ ነው ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን አልክ። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ ሲባል ክረምቱ ገባ። መስከረም ላይ ሆድህን አመመህ። ጨጓራ ነው፣ ያልፋል እያልክ ተልባ ስትጠጣ ከርመህ ትዕግሥት አዲስ አበባ ወሰደችህ። ጨጓራ አልነበረም። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ልጽፈው አልችልም።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ሆስፒታል ሳለህ፣ ያቺ ትንሽ የተሻለህ ቀን። ጉልበትህን አጥፈህ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ አነሳኸውና ይሄ የባሌው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ነው አልከኝ። ሁለት ጣትህን እያራመድክ፣ እኛ በዚህ በኩል በመኪና እንወጣለን፣ ቀበሮው እዚህ ሜዳው ላይ አይጥ ሲያድን እናየዋለን እያልክ ከደረትህ እስከ ጉልበትህ ስትሄድ ጣቶችህ ደከሙ። መሀል ላይ ቆሙ። እጅህን ያዝኩት። ያኔ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደምሴ ዋሽቼሃለሁ ልል ስከፍት ነርሷ ግሉኮስ ልትቀይር ገባች። ስትወጣ አንተ ተኝተሃል። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። አፈር ልብላ፣ ነገ አልኩ!

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። ትዕግሥት ባለፈው ወር ደወለችና፣ እማዬ የአባዬ ዓመት ሳይሞላ ባሌ እንሄዳለን፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እሱ ያላየውን አይተንለት እንመጣለን አለችኝ። ኧረ ወዲያ፣ ጥቁር ለብሶ ሽርሽር ምን ይሉታል አልኳት። አልሰማችኝም፤ ግትርነቷ ያንተ ነው። ደብተሩን ፈልጊና ቀን በቀን ያወጣውን ዕቅድ አንብቢልኝ፣ እንደሱ ነው የምንሄደው አለችኝ። ደብተርህን ከሞትክ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። በሕይወትህ ሳለህም አንተ ታነብልኛለህ እንጂ ራሴ ገልጬው አላውቅም። ከመጻሕፍትህ ሥር አወጣሁት፣ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁና እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፤ ከሞትክ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ርዕስ፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ክፍለ ጊዜ፦ ስድስት ቀን። የተማሪ ብዛት፦ አንድ፣ ወርቄ።» ይላል። «ዓላማ፦ ተማሪዋ ከጉዞው በኋላ ቀይ ቀበሮን ከሌላ ቀበሮ ለይታ ትናገራለች።» አይ አንተ! መርጃ መሣሪያ ያልከው ባይናኩላር፣ ሁለት ጋቢ፣ ፔርሙዝና ዳቦ ቆሎ ነው። እንዲህ እያልኩ ሦስተኛው ቀን ላይ ደረስኩ፤ ዲንሾ። የተማሪዋ ተግባር በሚለው ሣጥን ውስጥ «ፈረስ ላይ ተቀምጦ ማየት» ይላል። የመምህሩ ተግባር በሚለው ውስጥ «ልጓም መያዝ»። ከሥሩ በደቃቁ ጽፈሃል። በቃል ይዤዋለሁ።

«በዚያ አገር በቅሎ እንደ ልብ አይገኝም አሉኝ። ዝግ ያለ፣ የተገራ ፈረስ ይሁን። ጉልበቷን አንኮበር ላይ አይቻለሁ፤ ጫማዬ ነው አለች። ማወቄን አትወቅ፣ ይከፋታል። ፈረሱን ለሁለታችን ደስታ ነው እላታለሁ። ልጓሙን ሌላ ሰው አይያዘው፣ እኔ እይዛለሁ።»

ታውቅ ነበር። ቅባቱን ከሽንኩርቱ ሥር ስደብቅ ታውቅ ነበር። ተራራ መሀል ቁጭ ብዬ እንዳልቀር ፈረስ ጠይቀህ፣ ልጓሙን ይዘህ እፊት እፊቴ ልትሄድ ነበር። እኔ ከምን እንደሸሸሁ ታያለህ? ከዚህ ነው የሸሸሁት።

የመጨረሻውን ሣጥን ባላነበብኩት። አስተያየት የምትለዋን። መምህር ሳለህ ያልተሰጠ ትምህርት ሲኖር ምክንያቱን የምትሞላባት ሣጥን ናት። እንዲህ ይላል፦ «ትምህርቱ አልተሰጠም። ምክንያት፦ ጽዋ። ዘነበችን ገበያ አገኘኋት፤ ደህና ናት። ለሌላ ጊዜ ይዛወር።»

ደህና ናት ብቻ። ሌላ ቃል የለም። ደብተሩን ብገለባብጠው፣ ብበረብረው፣ ሌላ ቃል የለም።

ለምን አልጮህክብኝም? እስቲ ንገረኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሚስቱ በማርያም ስም ስትዋሸው እያወቀ እንጨት የሚፈልጥ፣ ዳቦ የሚቆርስ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ቀን ወርቄ ዘነበች እኮ ደህና ናት ብትለኝ ኖሮ እዚያው ተደፍቼ እነግርህ ነበር። ፈረስ አለ ብትለኝ ኖሮ በማግሥቱ እንሄድ ነበር። አንተ እኔ እንዳይከፋኝ ዝም አልክ፣ እኔ አንተ እንዳይከፋህ ዋሸሁ፤ ይኸው ሁለታችንም ቀረን። ተናድጄብሃለሁ። በጣም ነው የተናደድኩብህ። ደብተሩን ወርውሬው ነበር፤ ተመልሼ አነሳሁት፣ አንድ ገጽ ጫፉ ታጥፏል፣ በእጄ ዳምጬ አቃናሁት።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር፤ ጉልበቴን አይተው ተዉት። የበደልሽውን ሰው ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። አባቴ፣ ባለቤቴ እኮ ሞቷል አልኳቸው። ቢሞትም ጠይቂው አሉኝ። እና ይኸው እየጠየቅሁህ ነው። ይቅር በለኝ የኔ ጌታ። እግዜር ይፍታሽ የምትለኝን ድምፅህን ከየት አመጣዋለሁ? ጠይቄህ መልስህን ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ የሚሰማኝ የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው። ይሄ ነገር ከእንግዲህ እንዲሁ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ የሚያነሳልኝ ሰው የለም።

ትናንት ማኅበሩ ዘነበች ቤት ነበር። ጽዋው በተራው፣ በእውነተኛው ተራ፣ እኔ ላይ ደረሰ። ብወስደው ባሌ መሄድ የለም፤ ማምለጫዬ ነበር። ትዕግሥትም ማርያምን ብላ ዝም ትለኝ ነበር። እጄን ልዘረጋ ደርሼ ነበር ደምሴ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ተነስቼ በዱላዬ ቆምኩና አልወስድም አልኩ። አንዷ፣ የባልሽ ሙት ዓመት እየደረሰ ማርያምን እምቢ ትያለሽ? አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩት፤ ስእለት እንዳልነበረብኝ፣ ዘነበች እንዳልታመመች፣ ጉልበቴን፣ አንተን። አንዳንዶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ዘነበች ጽዋውን ራሷ አንስታ፣ ያኔም የእኔ ነበር ብላ ወደ ጓዳዋ መለሰችው። ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ። እሷም እያለቀሰች ነበር።

ስለዚህ እሄዳለሁ። የፊታችን ማክሰኞ ነው። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ፤ እንደ ቀብር ነው የምሄደው። ምን አያለሁ ብለህ ነው? አሰላን፣ ዶዶላን፣ አዳባን ስናልፍ ስሞቹን የሚያነብልኝ የለም። ቀበሮውን ሳየው ያውልሽ፣ ያ ነው ብሎ በጣቱ የሚያሳየኝ የለም። ያቺ ተማሪህ መጥታ መምህር አይተውታል ወይ ብትለኝ መልሱ ዛሬም ያው ነው። እኔ ሺህ ጊዜ ባየው አንተ አላየኸውም፤ ይሄን የሚያቃና ነገር ዓለም ላይ የለም።

ትዕግሥት ትናንት ማታ መጥታ ዲንሾ ላለ ባለ ፈረስ ደውላ ነበር። ሰውየው የሚስብልዎት ሰው ልመድብ ወይ ሲላት አዎ ብላዋለች። ስልኩን ተቀብያት እኔው መልሼ ደወልኩለት። ፈረሱን ብቻ አምጣ፣ ልጓም የሚይዝ ሰው አለኝ አልኩት። ትዕግሥት ማነው እሱ ብላ አፈጠጠችብኝ። ስልኳን መለስኩላት።

ጋቢዎቹን ሁለቱንም ሸክፌያለሁ። ደብተሩም ዘንቢሌ ውስጥ ነው፣ አስተያየት የምትለዋን ሣጥን ግን አልነካትም፤ አንተ በጻፍከው ላይ የሚጻፍ ነገር የለኝም። ፈረሱ ላይ ያወጡኛል። ልጓሙን ወደፊት ዘርግቼ እይዘዋለሁ፣ አንተ እንድትቀበለኝ። ፈረሱ ያለ ሳቢ አልሄድም ካለ ይቁም፣ እኔም ላዩ ላይ ተቀምጬ እቆማለሁ። ሰዎቹ አሮጊቷ አበደች ይበሉ። እስክሞት ድረስ የማስታውስህ እንደዚያ ሆኜ ነው፣ እጄን ዘርግቼ። እንደማትመጣ አውቃለሁ ደምሴ። ለሌላ ሰው ግን አልሰጠውም።

ተማሪህ፣
ወርቄ